ከካራካላ እስከ ጄሜሊ፦ ለኃይለኛ መኪና የሚስማማው ሞተር የትኛው ነው?

ሮም ውስጥ ፖርታ ካፔና የሚባል አደባባይ አለ። የአክሱም ሐውልት ተወስዶ ለአሥርት ዓመታት ቆሞበት የነበረ ቦታ ስለሆነ ስሙ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። አበበ ቢቂላም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ የማራቶንን ድል ሲቀዳጅ በዚያው ሐውልት አጠገብ አልፎ ነበር ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት የገሰገሰው። ከአደባባዩ ጥቂት ራቅ ብሎ የጥንታውያኑ ሮማውያን የካራካላ መታጠቢያ ፍርስራሽ ይገኛል። አበበ በዚያ አካባቢ ከመሮጡ ከ13 ዓመታት በፊት፣ ግንቦት 17 ቀን 1939 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1947) ሌላ ውድድር ተካሂዶበት ነበር። የዚያን ዕለቱ የሮም ታላቅ ሽልማት የመኪና ውድድር አሸናፊ ፍራንኮ ኮርቴዜ ሲሆን፣ የነዳት መኪና ፌራሪ 125 ኤስ ትባላለች። ይህ ድል በፌራሪ ስም የተመዘገበ የመጀመሪያው ድል ነው።

የዚያች መኪና ሞተር ይዘት አንድ ሊትር ተኩል ብቻ ነበር። ይህ መጠን ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ከሚመላለሱት የቤት አውቶሞቢሎች ከብዙዎቹ አይበልጥም። ታዲያ ከዚያ ጊዜ ወዲህ አንዳንዶቹ የመኪና ሠሪዎች ይህንኑ ትንሽ ሞተር ሲያሳድጉ፣ ሌሎቹ ከአሜሪካ ግዙፍ ሞተር ሲያስመጡ፣ ሌሎቹ ደግሞ አየር በግድ የሚያስገባ መሣሪያ ሲገጥሙ የኖሩት ስለ ምንድን ነው? ኃይለኛ መኪና መሥራት የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ መካከል የቱን ይምረጥ? በዚህ ጽሑፍ አማራጮቹን ከሮምና ከጣሊያን ታሪክ በተወሰዱ እውነተኛ ምሳሌዎች እያነጻጸርን እንመለከታለን።

አስቀድሞ ስለ ስያሜው አንድ ነገር እንበል። አሜሪካውያን “ማስል ካር” ወይም ጡንቸኛ መኪና የሚሉት መካከለኛ መጠን ባለው ተራ የመኪና አካል ውስጥ ትልቅና ኃይለኛ ሞተር ተገጥሞ የሚሠራውን መኪና ነው። ስያሜው በስፋት የሚያያዘው እ.ኤ.አ. በ1964 ከቀረበው ፖንቲያክ ጂቲኦ ጋር ነው። የዚህ መኪና ሞተር ይዘቱ 6.4 ሊትር፣ ጉልበቱም 325 የፈረስ ጉልበት ነበር። ሐሳቡ ግን የአሜሪካ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ጣሊያንም የራሷን መልስ ሰጥታበታለች።

ሞተር የሚተነፍስ መሣሪያ ነው

የአገራችን መካኒኮች ስለ ሞተር ሲነጋገሩ ሳያስቡት ጣሊያንኛ ይናገራሉ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቴስታታና ካምቢዮ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ስለዚህ የሞተርን አሠራር ለማስረዳት ብዙ አዲስ ቃል አያስፈልገንም።

የቤንዚን ሞተር በመሠረቱ አየር የሚስብ መሣሪያ ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየርና ነዳጅ ይስባል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ድብልቁን ያምቃል፤ ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣል፤ የተቃጠለው ጋዝ ፒስተኑን ገፍቶ ያወርደዋል፤ በመጨረሻም ጭሱ በማርሚታው በኩል ይወጣል። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በተሟላ ሁኔታ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ገደማ አየር ያስፈልገዋል። ነዳጅ መጨመር ቀላል ነው፤ ከባዱ ነገር አየሩን ማስገባት ነው። የሞተር ጉልበት የሚወሰነው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል አየር ሊስብ በመቻሉ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

አየሩን ለመጨመር ደግሞ ሦስት ዋና ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ሲሊንደሮቹን ማስፋት ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ብዙ አየር ይገባል። ሁለተኛው ሞተሩን ማፍጠን ነው፤ በደቂቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይተነፍሳል። ሦስተኛው አየሩን ቀድሞ አምቆ ወደ ሲሊንደሩ በግድ ማስገባት ነው። ከዚህ በታች የምናያቸው የቤንዚን ሞተሮች በሙሉ ከእነዚህ ከሦስቱ መንገዶች በአንዱ ወይም በቅልቅላቸው የተሠሩ ናቸው።

ሁለት መለኪያዎችንም እንለይ። ቶርክ የምንለው ሞተሩ በአንድ ዙር የሚያሳርፈው የመጠምዘዝ ኃይል ነው። የፈረስ ጉልበት ደግሞ ቶርኩ ከዙሩ ፍጥነት ጋር ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ቡና የሚወቅጡ ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንደኛው ከባድ ዘነዘና ይዞ በዝግታ ይወቅጣል፤ ሌላኛው ቀላል ዘነዘና ይዞ በፍጥነት ይወቅጣል። የእያንዳንዱ ምት ክብደት ቶርክን ይመስላል፤ በደቂቃ ውስጥ የተወቀጠው ቡና ብዛት ደግሞ የፈረስ ጉልበትን። ሁለቱም እኩል ቡና ሊወቅጡ ይችላሉ፤ ክንዳቸው የሚደክምበት ሁኔታ ግን የተለያየ ነው።

አማራጭ አንድ፦ ትንሽ ይዘት፣ ብዙ ሲሊንደር፣ ፈጣን ዙር

ኢንጂነር ጆአኪኖ ኮሎምቦ ለኤንዞ ፌራሪ የነደፉት ሞተር ሁለተኛውን መንገድ የተከተለ ነው። አንድ ሊትር ተኩሉን ለአራት ሲሊንደሮች ከማካፈል ይልቅ ለአሥራ ሁለት አካፈሉት። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ይዘት 125 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ሆነ፤ የመኪናዋም ስም ከዚሁ የመጣ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 55 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀት ደግሞ 52.5 ሚሊ ሜትር ነበር። ኤንዞ ፌራሪ ለአሥራ ሁለት ሲሊንደር ሞተር የነበራቸው ፍቅር የተቀሰቀሰው በአሜሪካው ፓካርድ ሞተር እንደሆነ ይታወቃል።

የዚህ አከፋፈል ጥቅም ምንድን ነው? ፒስተን በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ቆሞ እንደገና ይነሣል። ሲቆምና ሲነሣ የሚፈጠረው ኃይል ፒስተኑን ከዘንጉ ጋር በሚያገናኘው ክንድ ላይ ያርፋል። የዙሩ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ይህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ፒስተኑ ትንሽና ቀላል፣ መንገዱም አጭር ከሆነ ግን ሞተሩ ሳይሰበር ብዙ ዙር ሊዞር ይችላል። የካራካላዋ መኪና በደቂቃ 6,800 ዙር ስትዞር 118 የፈረስ ጉልበት ትሰጥ ነበር። በዚያ ፍጥነት የፒስተኖቿ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 12 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ለዘመኑ ብረት የሚከብድ አልነበረም።

ዋጋው ግን ውስብስብነት ነው። አሥራ ሁለት ፒስተን፣ ሃያ አራት ቫልቭ፣ ሁለት ካምሻፍት፣ ሦስት ካርቡራተር እርስ በርሳቸው ተስማምተው መሥራት አለባቸው። መለዋወጫው ውድ ነው፤ ማስተካከሉም የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። እንዲያውም ይህችው መኪና ከሮሙ ድል 14 ቀን ቀደም ብሎ ፒያቼንዛ በተባለች ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወዳደር እየመራች ሳለ በነዳጅ ፓምፕ ብልሽት ውድድሩን አቋርጣለች። አሥራ ሁለቱ ሲሊንደሮች ደኅና ነበሩ፤ ያስቀራት ከሞተሩ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል አንድ ዕቃ ነበር። መኪና የሚሠራ ሰው ይህን ቢያስታውስ ይጠቀማል።

አማራጭ ሁለት፦ የአሜሪካ ቪ-8 በጣሊያን አካል

ሁሉም የጣሊያን ፋብሪካ የራሱን አሥራ ሁለት ሲሊንደር ሞተር የመንደፍ አቅም አልነበረውም። ሚላን አጠገብ የሚገኘው ኢሶ የተባለው ድርጅት በዓለም ዘንድ የታወቀው እንደ እንቁላል በምትመስለው ኢዜታ በተባለች ትንሽ መኪና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባለቤቱ ሬንዞ ሪቮልታ ትልልቅና ፈጣን መኪኖች ለመሥራት ሲወስኑ ሞተሩን ከአሜሪካው ሼቭሮሌ ገዙ። ኢንጂነር ጆቶ ቢዛሪኒ የመኪናውን አጽም ሠሩ፤ ወጣቱ ጆርጄቶ ጁጃሮ በቤርቶኔ ቤት አካሉን ነደፉ። ውጤቱም ኢሶ ግሪፎ ሆነ። ሞተሩ 5.4 ሊትር ይዘት ያለው ቪ-8 ሲሆን በመነሻው 300 የፈረስ ጉልበት ነበረው።

ሞዴና ላይ የነበረው ዴ ቶማሶም ተመሳሳይ መንገድ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1970 ይፋ የሆነችው ፓንቴራ 5.8 ሊትር የሆነውን የፎርድ ቪ-8 ከሹፌሩ ጀርባ ተሸክማ፣ በ330 የፈረስ ጉልበት ትነዳ ነበር። እነዚህን መኪኖች የጣሊያን ጡንቸኛ መኪኖች ብንላቸው ስሙ ይገባቸዋል።

የአሜሪካው ሞተር ውስጡ ቀላል ነው። ካምሻፍቱ አንድ ብቻ ሲሆን የሚቀመጠውም ከላይ ሳይሆን በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል ነው። ቫልቮቹን የሚከፍተው በቀጫጭን የመግፊያ ዘንጎች አማካይነት ነው። ይህ አሠራር ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ቴስታታው ላይ ካምሻፍት ስለሌለ ሞተሩ ከይዘቱ አንጻር ጠባብና አጭር ይሆናል። ሁለተኛ፣ በብዙ መቶ ሺህ ስለተመረተ ዋጋው ዝቅተኛ፣ መለዋወጫውም በየቦታው የሚገኝ ነው። የግሪፎ ባለቤት ሞተሩ ቢበላሽ ዕቃውን ለተራ ሼቭሮሌ ከሚሸጥ ሱቅ ማግኘት ይችል ነበር።

ጉድለቱ ደግሞ የመግፊያ ዘንጎቹና ረጃጅሞቹ የቫልቭ ክፍሎች በከፍተኛ ዙር ትእዛዙን በሰዓቱ ማድረስ ያቅታቸዋል። ፒስተኖቹም ትልልቅ ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ትልቁ ሞተር በዝግታ ስለሚዞር “አይጨናነቅም” ይባላል። ነገር ግን የሼቭሮሌው ፒስተን የሚመላለስበት ርቀት 82.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በደቂቃ 5,000 ዙር ላይ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይጠጋል። ይህ የካራካላዋ ፌራሪ በ6,800 ዙር ከነበራት ይበልጣል። ትልቁን ሞተር ከአቅሙ በላይ የሚያስጮህ ሰው ሞተሩን የሚሰብረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ክብደትም አለ። የፓንቴራው ሞተር ከብረት የተቀለጠ ስለሆነ ብቻውን ወደ 250 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። ይህን ያህል ክብደት የት እንደሚቀመጥ መወሰን ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ከፊት ከሆነ መኪናው መታጠፊያ ላይ አፍንጫውን ለማዞር ይከብደዋል፤ ከመሐል ከሆነ አስተጣጠፉ ይሻሻላል፤ ነገር ግን ራዲያተሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሚሆን ውኃው ረጅም መንገድ መመላለስ ይኖርበታል።

ዛሬ በጋራዥ ውስጥ ያለው ፉክክር

በሰሜን አሜሪካ ከሚኖሩ ተመልካቾቻችን መካከል አሮጌ መስታንግ ወይም ካማሮ ገዝተው በትርፍ ጊዜያቸው እንደገና የሚሠሩ ይኖራሉ። እነሱ የሚገጥማቸው ምርጫ ከላይ ካነበብነው ብዙም አይለይም፤ ብረቱ ብቻ ነው የተለወጠው።

በአንድ በኩል የጄኔራል ሞተርስ ኤልኤስ የተባለው የሞተር ቤተሰብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 በኮርቬት ላይ የወጣው የመጀመሪያው 5.7 ሊትርና 345 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የመጣው ኤልኤስ 3 ደግሞ 6.2 ሊትርና 430 የፈረስ ጉልበት አለው። እነዚህ ሞተሮች አሁንም በመግፊያ ዘንግ የሚሠሩ ናቸው፤ አካላቸው ግን ከአሉሚኒየም ስለሆነ ከጥንቶቹ በብዙ ይቀላሉ። በሌላ በኩል የፎርድ ኮዮቲ ሞተር አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 መስታንግ ላይ ሲቀርብ 5.0 ሊትርና 412 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አራት ካምሻፍትና 32 ቫልቭ ስላለው በአንድ ሊትር 82 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሲሰጥ ኤልኤስ 3 በአንድ ሊትር 69 ገደማ ይሰጣል።

ታዲያ ኮዮቲ ይሻላል ማለት ነው? በሊትር ሲለካ አዎን። ነገር ግን የመኪናው ቦኔት የሚለካው በሊትር ሳይሆን በሴንቲ ሜትር ነው። ኮዮቲ ካምሻፍቶቹን ከላይ ስለተሸከመ ይዘቱ እያነሰ ስፋቱ ከኤልኤስ ይበልጣል፤ በአሮጌ መኪና ሞተር ቤት ውስጥ ለማስገባትም የፊት እግሮቹን ማቀፊያ ቆርጦ እስከ መለወጥ ሊያደርስ ይችላል። ኤልኤስ ግን በቀላሉ ይገባል። ስለዚህ “በአንድ ሊትር ስንት ፈረስ” የሚለው መለኪያ ለመሐንዲሱ ኩራት ቢሆንም፣ ለሠሪው ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ሞተሩ ከነመለዋወጫው ስንት ይመዝናል፣ የትስ ይገባል የሚለው ነው።

አማራጭ ሦስት፦ ሁለቱን መንገዶች ያዋሐደው ሞተር

ወደ ሮም እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1962 የሮም ፖሊስ ወንጀል መከላከያ ክፍል ፌራሪ 250 ጂቲኢ የተባለ ጥቁር መኪና ተረከበ። ምክንያቱም የከተማዋ ወንበዴዎች ከፖሊስ መኪና የሚፈጥኑ መኪኖች ይነዱ ስለነበር ነው። የአሳዳጁ መኪና ሹፌር ማሬሻሎ አርማንዶ ስፓታፎራ በዚያ ዘመን በሮም ስማቸው የገነነ ነበር። የመኪናው ሞተር ያው የኮሎምቦ ቪ-12 ሲሆን ሲሊንደሮቹ ሰፍተው ይዘቱ ወደ 3.0 ሊትር፣ ጉልበቱ ወደ 240 የፈረስ ጉልበት አድጎ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ይዘቱም ጉልበቱም እጥፍ ሆነ፤ መሠረታዊ ንድፉ ግን አልተለወጠም። መልካም ሞተር ማለት ለማደግ ቦታ የተተወለት ሞተር ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

የዚያ ታሪክ ወራሽ ዛሬ የጣሊያን ፖሊስ የሚጠቀምበት ላምቦርጊኒ ሁራካን ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2020 ይህ መኪና ከሰሜን ጣሊያኗ ፓዶቫ ተነሥቶ ሮም ወደሚገኘው ጄሜሊ ሆስፒታል ለንቅለ ተከላ የሚሆን ኩላሊት አድርሷል። ርቀቱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የፈጀበት ጊዜ ሁለት ሰዓት ገደማ ነበር። ከፊት ያለው የዕቃ ቦታ የሰውነት ክፍሎችን የሚያቀዘቅዝ ሣጥን ተሠርቶለታል። ከሰውነት የወጣ ኩላሊት በቅዝቃዜ ለአንድ ቀንና ከዚያም ለተወሰነ ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ ልብ ግን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚጠብቀው። እያንዳንዱ ሰዓት ባጠረ መጠን የተተከለው አካል በደኅና የመሥራት ዕድሉ ይጨምራል።

የሁራካን ሞተር 5.2 ሊትር ይዘት ያለው ቪ-10 ሲሆን 610 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ይህን የሚያገኘው ከፍተኛ ይዘትንና ከፍተኛ ዙርን በማዋሐድ ነው፤ ጉልበቱ ጫፍ የሚደርሰው በደቂቃ 8,250 ዙር ላይ ነው። በዚያ ፍጥነት ሞተሩ በደቂቃ 21 ሺህ ሊትር ገደማ አየር ይስባል። የካራካላዋ ሞተር በጉልበቷ ጫፍ ላይ የምትስበው 5 ሺህ ሊትር ገደማ ነበር። አየሩን የሚያምቅ መሣሪያ ስለሌለው ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ምላሹ ቅጽበታዊ ነው። በረጅም አውራ ጎዳና በከፍተኛ ፍጥነት ለሚደረግ ጉዞ እንዲህ ያለ ሞተር ይስማማል። ዋጋውና የነዳጅ ፍጆታው ግን ለተራ ሠሪ የሚቀመስ አይደለም።

አማራጭ አራት፦ በግድ የሚተነፍሰው ሞተር

ካራቢኒየሪ የተባለው የጣሊያን ፖሊስ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ2016 የተረከባቸው አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ኳድሪፎሊዮ መኪኖች ሌላ መልስ ይሰጡናል። እነዚህም ደምና የሰውነት ክፍሎችን ለማድረስ ጭምር የታሰቡ ናቸው። ሞተራቸው 2.9 ሊትር የሆነ ቪ-6 ሲሆን በሁለት ቱርቦ ታግዞ 510 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል።

ቱርቦ ከሲሊንደር የሚወጣውን ትኩስ ጭስ ይጠቀማል። ጭሱ አንድ ትንሽ ተሽከርካሪ ያዞራል፤ ያም በሌላኛው ጫፍ ያለውን መጭመቂያ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ እያዞረ አየሩን አምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋዋል። በዚህ ምክንያት ትንሹ ሞተር እንደ ትልቅ ሞተር ይተነፍሳል። የጁሊያ ሞተር 600 ኒውተን ሜትር የሆነውን ሙሉ ቶርኩን የሚሰጠው ገና 2,500 ዙር ላይ ሲሆን፣ ሁራካን ግን 560 ኒውተን ሜትር የሆነውን ትልቁን ቶርኩን የሚያገኘው 6,500 ዙር ላይ ነው። በከተማ መንገድ፣ በመነሣትና በመቆም መካከል ለሚመላለስ መኪና የቱ እንደሚመች ግልጽ ነው።

ጉድለቱ ሙቀት ነው። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ደግሞ ይሳሳል፤ ስለዚህ አየሩን መልሶ የሚያበርድ ሌላ ራዲያተር ያስፈልጋል። ቤንዚኑ ጥራቱ ዝቅተኛ ከሆነ ድብልቁ ብልጭታ ሳይጠብቅ ራሱ ይቀጣጠልና ፒስተኑን ይመታዋል። ተሽከርካሪው ፍጥነት እስኪይዝ ድረስም ጥቂት መዘግየት አለ። አሮጌ ሞተር ላይ ቱርቦ ብቻ ገዝቶ መለጠፍ ብዙ ሰው የሚጸጸትበት ስሕተት የሆነው ስለዚህ ነው፤ ፒስተኑ፣ ቅባቱና ማቀዝቀዣው አብረው ካልተለወጡ ሞተሩ ዕድሜ አይኖረውም።

ቁጥሮቹ ጎን ለጎን

እስካሁን ያየናቸው የጣሊያን መኪኖች በአንድ ሊትር ይዘት የሚሰጡት የፈረስ ጉልበት በግምት ሲሰላ ይህን ይመስላል፦

- ፌራሪ 125 ኤስ፣ 1.5 ሊትር ቪ-12፦ 79
- ኢሶ ግሪፎ፣ 5.4 ሊትር ቪ-8፦ 56
- ዴ ቶማሶ ፓንቴራ፣ 5.8 ሊትር ቪ-8፦ 57
- ፌራሪ 250 ጂቲኢ፣ 3.0 ሊትር ቪ-12፦ 81
- ላምቦርጊኒ ሁራካን፣ 5.2 ሊትር ቪ-10፦ 117
- አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ኳድሪፎሊዮ፣ 2.9 ሊትር ባለ ቱርቦ ቪ-6፦ 176

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ጉልበትን የሚለኩት ሞተሩን ከመኪናው አውጥተው፣ ማርሚታውንና ሌሎች ጉልበት የሚበሉ ዕቃዎችን ሳይገጥሙ ነበር። ስለዚህ የእነዚያ ዘመን ቁጥሮች ከዛሬዎቹ ጋር ሲነጻጸሩ የተጋነኑ ናቸው።

ሮም ላይ የሠራ አዲስ አበባ ላይ ይሠራል?

እስካሁን ያልነው ሁሉ ሮም ላይ፣ ማለትም ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል ቦታ ላይ የሚሠራ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ እፍጋቱም በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ሞተር የሚተነፍስ መሣሪያ ነው ብለናልና ውጤቱን መገመት አያስቸግርም። ቱርቦ የሌለው 300 የፈረስ ጉልበት ያለው ቪ-8 አዲስ አበባ ሲደርስ 240 ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ባለ 610 የፈረስ ጉልበቱ ሁራካንም ቢሆን ከመቶ የሚበልጥ ፈረስ ያጣል። ከቦሌ የሚነሡ አውሮፕላኖች በባሕር ዳርቻ ካሉ ማረፊያዎች ይልቅ ረዘም ያለ መንደርደሪያ የሚያስፈልጋቸውም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው።

ቱርቦ ያለው ሞተር ግን ከዚህ ጉዳት ብዙውን ያመልጣል። አየሩ ሲሳሳ መጭመቂያው ፈጥኖ እየዞረ እስከ አቅሙ ድረስ ጉድለቱን ይሞላዋል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው ትልቁ ቪ-8 ትክክለኛ ምርጫ ሲሆን፣ በሰሜን ሸዋ ወይም በጎንደር ደጋዎች ለሚነዳ ሰው ደግሞ አነስ ያለው ባለ ቱርቦ ሞተር ሊሻለው ይችላል። ለሁሉም ቦታ የሚሆን “ምርጥ ሞተር” የለም የምንለው ለዚህ ነው።

ሞተር ብቻውን መኪና አይሆንም

ሞተር የመረጠ ሰው ሥራውን ጀመረ እንጂ አልጨረሰም። የአንድ መኪና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ተሸክሞት የሚሄደው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመቆም የሚበቃ ፍሬን በ200 ኪሎ ሜትር አራት እጥፍ ሙቀት መቋቋም ይጠበቅበታል። የጥንቱ መኪና ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪና ባሌስትራ የተሠሩት ለጥንቱ ሞተር ነው። ፍሪሲዮኑና ካምቢዮውም አዲሱን ቶርክ ካልቻሉ መጀመሪያ የሚሰበሩት እነሱ ናቸው። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ገንዘባቸውን ለሞተር ብቻ ሳይሆን ሞተሩን ለሚያቆሙና ለሚሸከሙ ክፍሎችም የሚመድቡት የሰው ሕይወት በዚያ ላይ ስለሚንጠለጠል ነው።

መኪናውን የሚሞክሩበት ቦታም አለው። ከሮም በስተሰሜን ካምፓኛኖ ዲ ሮማ በተባለ ስፍራ የሚገኘው ቫሌሉንጋ የውድድር ሜዳ በኢንጂነሩና በእሽቅድምድም ሹፌሩ በፒዬሮ ታሩፊ ስም ይጠራል። ዴ ቶማሶ ከፓንቴራ በፊት የሠራትን፣ አንድ ሊትር ተኩል የፎርድ ሞተር የነበራትን ቀላል መኪና በዚሁ ሜዳ ስም ቫሌሉንጋ ብሏታል። ፍጥነት መሞከር የሚገባው እንዲህ ባለ ቦታ እንጂ ሰው በሚተላለፍበት መንገድ ላይ አይደለም። የጣሊያኑ ሁራካን እንኳ በአውራ ጎዳና የሚበረው የሠለጠነ ሹፌርና የሕግ ፈቃድ ስላለው፣ ተሸክሞት የሚሄደውም የሰው ሕይወት ስለሆነ ነው።

የማይተነፍሰው ሞተር

በመጨረሻም አየር ጨርሶ የማያስፈልገውን አማራጭ እንመልከት። የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ቶርኩን የሚሰጠው ከቆመበት ቅጽበት ጀምሮ ነው። ስለማይተነፍስም የአዲስ አበባ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም። ከሚቀበለው ጉልበት ከመቶ 90 ገደማውን ወደ እንቅስቃሴ ሲለውጥ የቤንዚን ሞተር ግን አብዛኛውን በሙቀት መልክ ያባክነዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለች ይህ አማራጭ ለአገራችን ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም።

የእሱም ዕዳ ክብደት ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት ሲይዝ የዛሬዎቹ የመኪና ባትሪዎች በኪሎ ግራም የሚይዙት የዚህን ሃምሳኛ ያህል ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና በአጭር ርቀት ቪ-8ን ጥሎ ይሄዳል፤ ከፓዶቫ እስከ ሮም በሁራካን ፍጥነት ሳይቆም መጓዝ ግን አሁንም ይከብደዋል።

ስለዚህ “የትኛው ሞተር ይሻላል?” ለሚለው ጥያቄ መልሱ በሌላ ጥያቄ ይጀምራል፤ መኪናው የት፣ ለምን ሥራ፣ በማን እጅ ይነዳል? በካራካላ ለተሽቀዳደመው ፌራሪ ቀላልነትና ፈጣን ዙር ተስማማው፤ የራሱ ሞተር ላልነበረው ለኢሶ የአሜሪካው ቪ-8 አዋጣው፤ ኩላሊት ተሸክሞ ወደ ጄሜሊ ለገሰገሰው ሹፌር ቪ-10ሩ ሰዓት ቆጠበለት። ለአዲስ አበባ ዳገት ደግሞ ቱርቦው ወይም ኤሌክትሪኩ ይሻላል። ሥራውን ሳያውቅ ሞተር የሚመርጥ ሰው የእግሩን መጠን ሳይለካ ጫማ እንደሚገዛ ነው። ጫማ ቢጠብ ያቆስላል፤ አለቦታው የገባ ሞተር የሚያስከትለው ጉዳት ግን ከዚያ እጅግ የከፋ ነው።